ፋኖሱ ከታች ነበር

እንቅልፍ እንቢ አላት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላለች፣ በብርድ ልብሱ ላይ ጥቁር ፌስታል በፕላስተር ለጥፋለች፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፍናለች፤ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርጋ ጨርሳለች፣ እንቅልፍ ግን ወይ ፍንክች። ከላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ ወንበር ይጎትታል። በሳምንት ሰባት ቀን ወንበር የሚጎትት ሰው ወንበሩን የት ሊያደርሰው እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ያጉረመርማል። በቀኝ ጎኗ ተኛች፣ በግራ ተገላበጠች። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስታገላብጥ ማደሯ አንሶ አሁን ደግሞ ራሷን ታገላብጣለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ራሳቸውን ችለው መዞር የማይችሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ማዞር፣ ማድረቅ፣ ማልበስ፣ ከዚያም አልጋው ግርጌ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ሰዓቱን ጽፎ መፈረም። ነገሩ ሁሉ ፈርሚ ነው። አዞርሽ? ፈርሚ። ውኃ ሰጠሽ? ፈርሚ። አልጠጣም አሉ? አልጠጡም ብለሽ ፈርሚ። ዘጠኝ ዓመት ስትፈርም ኖራ እጇ ወረቀት ባየ ቁጥር ሳያስፈቅዳት የሚሄድ ሆኗል፣ ዛሬ ጉድ የሠራትም ይኸው እጇ ነው።

ጉዱ እንዲህ ነው። እዚህ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው፣ ዜጋ ባይሆንም፣ የከተማውን ምክር ቤት የመምረጥ መብት አለው። ዘንድሮ ዓመቷ ሞላና ፖስታ መጣላት። በውስጡ አንድ የምርጫ ወረቀት፣ ሁለት ፖስታ፣ አንድ በትንንሽ ፊደል የተሞላ ማብራሪያ። በግንባር መምረጥ ይቻላል፣ ቀደም ብሎ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መምረጥ ይቻላል፣ በፖስታ መላክ ይቻላል፣ የታመመ ሰው ቤቱ ድረስ ሳጥን ይዘው ይመጡለታል፣ የማይችል ሰው ደግሞ ሌላውን ወክሎ ይልካል። ይሄን ሁሉ አማራጭ ስታይ ገረማት፣ ትንሽም ሳቀች፤ ደንበኛ ያጣ ባለሱቅ እንኳ እንዲህ አይለማመጥም። ቀን እንቅልፍ ነው፣ ስለዚህ በፖስታ አለች። ባለፈው ሳምንት የሠራተኞቹ ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሻይዋ እስኪበርድ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የንጋቱ አውቶቡስ እንዳይቋረጥ አደርጋለሁ ያለችውን ሴትዮ ስም ፈለገች። ያ አውቶቡስ ከተቋረጠ የሌሊት ሠራተኛ በሙሉ አርባ ደቂቃ በእግሩ ሊኳትን ነው፣ ከዚህ በላይ ፖለቲካ አታውቅም። ከስሟ ፊት ኤክስ አደረገች። ከኤክሱ አጠገብ ደግሞ፣ ማንም ተነስቶ የኔ ነው እንዳይል፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ በቁም ጽሕፈት አሰፈረች፣ ቀኑን ጻፈች፣ ፈረመች። አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተችና ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ዛሬ እጥለዋለሁ ነገ እጥለዋለሁ ስትል ዛሬ የምርጫው የመጨረሻ ቀን ሆነ። ጠዋት ከሥራ ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ማብራሪያውን አወጣች፤ የሚነበብ ነገር ስላልነበራት ነው እንጂ ለምርጫው ተጨንቃ አይደለም። እና ምን ትላለች ያቺ ትንሿ ፊደል? ስም፣ ፊርማ ወይም መራጩን የሚያሳውቅ ማንኛውም ምልክት ያለበት ወረቀት አይቆጠርም።

ወይ ጉድ። ሰው ስሙን ጽፎ ይሰረዝበታል? አገሯ ስሙን ከነአያቱ ያልጻፈ ሰው ማመልከቻው ተመልሶ ይወረወርለታል። እዚህ አያት የሚባል ነገር አያውቁም፣ የሚጠሯትም በአባቷ ስም ነው። መጀመሪያ ሥራ የገባች ሰሞን ኮሪደሩ ላይ የአባቷን ስም እየጮሁ ሲጠሩ ወደ ኋላዋ ዞር ትል ነበር፣ ደጃፉ ላይ ከዘራቸውን ይዘው የቆሙ ይመስል። አልጋ ሰባት አስታውከዋል፣ ቶሎ በል፣ ይሏቸዋል አባቷን። አልጋ አሥራ አንድ ሽንት ቤት ይፈልጋሉ። ይህን በስልክ ስትነግራቸው አባቷ በሳቅ ሞቱ። "ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ ሌሊት እያሠሩኝ ዕረፍት እንኳ አይሰጡኝም?" አሉ።

አባቷ። እንግዲህ እንቅልፍ ያጣችው ለወረቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ወረቀት ምን አላት፣ ይቅርባት፣ በአንድ ድምፅ አውቶቡስ አይቀርም። ግን ማብራሪያውን አንብባ ሳትጨርስ ስልኳ ጠዝ አለና የታናሽ እኅቷ የድምፅ መልእክት መጣ። "አባባ ዘንድሮም አልመርጥም ብለዋል። እሑድ ነው እኮ የእኛ ምርጫ፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ይሄዳል። ልጄ እጄን ካልያዘችኝ አልሄድም ይላሉ፣ አንቺን ማለታቸው ነው። እኔ እይዝዎታለሁ ስላቸው፣ አይ፣ የእሷ እጅ ሌላ ነው አሉኝ። እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው፣ የእኔን እንደሆነ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።" መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰማችው። የእሷ እጅ ሌላ ነው። የእሑዱ ሦስተኛው ምርጫ መሆኑ ነው፣ በሁለቱ አልሄዱም፣ ሁለቱንም ጊዜ ዕድሜ ነው፣ ጉልበት ነው ብላ ራሷን አታለለች። አሁን ግን ተነገራት። አባቷ ድምፃቸውን የማይሰጡት የእሷን እጅ ብቻ ስለሚያምኑ ነው፣ ያቺ እጅ ደግሞ ምን እንዳደረገች ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ካለች እሑድም ቤት ሊቀሩ ነው። ከተናገረች ደግሞ፣ እንግዲህ ከተናገረች፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው።

ተነሳች። ተኝታ የማይተኛ ሰው ቢነሳ ይሻለዋል። ማብራሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች፤ ስለወረቀቱ ልትጠይቅ ነው፣ ስለሌላ አይደለም። ሙዚቃ አሰሟት፣ አንድን ተጫኑ አሏት፣ ሁለትን ተጫኑ አሏት፣ ወረፋዎ ስድስተኛ ነው አሏት። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ አነሳች፣ ድምፅዋን ጉንፋን ዘግቶታል።

"ወረቀቴን አበላሽቼዋለሁ፣ ስሜን ጽፌበታለሁ" አለቻት፣ አንድ ነገር እንደሰረቀ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ምንም አይደል። ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥለውታል?"

"አልጣልኩትም፣ እዚሁ ነው።"

"እንግዲያው ይዘውት ወደ ምርጫ ጣቢያዎ ይምጡ። እንሰርዘውና አዲስ ይሰጥዎታል።"

"ቅጣት የለውም?"

ሠራተኛዋ ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። "የለውም፣ መብትዎ ነው። እስከ ሃያ ሰዓት ድረስ ይምጡ። ሰልፍ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ሰዓቱ ቢደርስም አይመለሱም፣ በሩ የሚዘጋው ከኋላዎ ነው።" ሃያ። ከሃያ ላይ ስድስት ቀነሰች፣ ከቀረው ላይ አሥራ ሁለት ቀነሰች፣ የማታ ሁለት ሰዓት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ትቀንሳለች። "ለማንበብ ወይም ለማየት ረዳት ያስፈልግዎታል?" ብላ ቀጠለች ሠራተኛዋ፣ ከፊቷ ካለው ወረቀት እያነበበች እንደሆነ ያስታውቃል። "የሚያምኑትን አንድ ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ። ረዳቱ እርስዎ ያሉትን ብቻ ነው ምልክት የሚያደርገው።"

አመሰግናለሁ ብላ መዝጋት ነበረባት። አፏ ግን "ረዳቱ ሌላ ላይ ቢያደርግስ?" አለ።

"እንዴት?"

"ማለቴ፣ መራጩ ዐይነ ስውር ቢሆን። ረዳቱ ደግሞ ያልተባለው ላይ ቢያደርግ።"

ሠራተኛዋ ወረቀቷን የምታገላብጥ ይመስላል። "ያ ወንጀል ነው" አለች። "ግን ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ሳይገባ ተበላሽቷል ካሉን ሌላ እንሰጣለን። ማን አበላሸው ብለን አንጠይቅም።"

"ሳጥን ከገባስ?"

"ከገባ በኋላማ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ እመቤት።"

ስልኩን ዘግታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፌስታሉ በአንድ ጥግ በኩል ተላቆ የብርሃን ክር ወለሉ ላይ ወድቋል። ከገባ በኋላማ። እሱማ ከገባ ስንት ዓመቱ፣ አሥራ ሦስት። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የአባቷን ዐይን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በሸራ የተከለለች ጠባብ ጥግ አለች። አስመራጯ ሴትዮ ረዳትዎ ማን ነው ስትል አባቷ ደረታቸውን ነፍተው ልጄ ናት ይላሉ። ሦስት ሰዎች ናቸው የሚወዳደሩት፣ እያንዳንዳቸው ምልክት አላቸው፣ ማንበብ የማይችል እንዲለያቸው። ከላይ ቁልፍ፣ መሐል መሰላል፣ ከታች ፋኖስ። ፋኖሱ የመምህሩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጠመኔ ነው የሚለው፤ ሠርግ ላይ እንኳ ኮቱ ጠመኔ የነካው ይመስላል። የአባቷ የልብ ወዳጅ፣ እሑድ እሑድ ምሳውን ከእነሱ ጋር የሚበላ። እሷን ደግሞ ስምንተኛ ክፍል በሁለት ነጥብ የጣላት። በሁለት ነጥብ! ጓደኞቿ ሁሉ አለፉ፣ እሷ ከእሷ ባነሱ ልጆች መሐል እንደ አሮጊት ዓመቱን ደገመች፣ እሱ ደግሞ እሑድ መጥቶ ምሳውን ይበላል፣ "አይዞሽ፣ መድገም ያበረታል" ይላታል እየጎረሰ። እና አባቷ በሹክሹክታ "ፋኖሱ ላይ" ሲሉ ጣታቸውን ያዘች፣ ቀለሙ ላይ አጠቀሰች፣ ወሰደችና ቁልፉ ላይ አደረገችው። አላሰበችበትም ብትል ውሸት ነው፣ ሌሊቱን ስታስበው ነው ያደረችው። "እዚህ ነው?" አሉ። "አዎ አባባ፣ እዚህ ነው።" አባቷ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እንደያዙ ትንሽ ቆዩ። ሽማግሌ ነው፣ ይዘገያል አለች በልቧ። ከዚያ ተጫኑ።

ጠመኔ በአሥራ አራት ድምፅ ተሸነፈ። ይህን ቁጥር በየሌሊቱ በአልጋዎቹ መሐል ስትመላለስ ታነሳዋለች፤ የአባቷ ድምፅ ቢሰጠውም መሸነፉ አይቀርም ነበር፣ በሒሳብ ነፃ ናት። ነገር ግን በማግስቱ ሰውዬው ቤታቸው መጣ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ማን ከዳኝ ይሆን እያለ ሰው በስም እየጠራ ነው። አባቷ ቀለሙ ያልለቀቀ አውራ ጣታቸውን አንስተው "ይኸው፣ የእኔስ አንተ ዘንድ ናት" ሲሉት እሷ እጃቸውን እያስታጠበች ነበር። ውኃው ከማስታጠቢያው አልፎ የሰውዬውን ጫማ ነካ። በነጋ ቁጥር እነግራቸዋለሁ አለች፣ ከዚያ ሥራ ፈለገች፣ ከዚያ ጉዞው መጣ፣ ከዚያ ጠመኔ ሞተ፣ ስልክ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም ብላ ተወችው።

ደወለች። እንግዲህ ምን ታደርግ፣ ጣቷ ደወለ።

"አንቺ ነሽ? ምነው በዚህ ሰዓት፣ አትተኚም እንዴ?" አሉ አባቷ። ከኋላ ሬዲዮ ይሰማል።

"እንቅልፍ እንቢ አለኝ አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው?"

"ጤናዬ ምን ይሆናል። እኅትሽ ነግራሽ ነው አይደል? ሄዳ ከሰሰችኝ።"

"ለምን አይሄዱም? ከማንም ጋር መሄድ ይችላሉ እኮ፣ መብትዎ ነው፣ ከጎረቤትም ቢሆን።"

"የአንቺ እጅ ሌላ ነው።"

ስለ ዝናቡ ልትጠይቅ አስባ ነበር፣ ስለ ዐይናቸው ጠብታ፣ ስለ እኅቷ ልጆች፤ ሁሉንም ተወችው። "አባባ፣ ሬዲዮውን ይዝጉልኝ" አለች። ዘጉት። "ያኔ፣ ፋኖሱ ላይ አልነበረም።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

"ቁልፉ ላይ ነው ያስደረግሁዎት። ተሳስቼ አይደለም፣ አውቄ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ አባቷ።

"ምን አሉ?"

"አውቃለሁ አልኩሽ። ዐይኔ ታወረ እንጂ ጣቴ መቼ ታወረ? ከመግባታችን በፊት አስመራጯን ፋኖሱ ስንተኛ ነው ብዬ ጠይቄያት ነበር፣ ከታች ነው አለችኝ። አንቺ ጣቴን ስታስቀምጪው የወረቀቱ አናት ጥፍሬን ነካኝ። ቆሜ አሰብኩ እኮ፣ ትዝ አይልሽም? ደግሜ ጠየቅሁሽ፣ እዚህ ነው ወይ ብዬ። አዎ አልሽኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አለች። "ሌላ ወረቀት ይሰጥዎት ነበር፣ ዛሬ ሴትዮዋ ነገረችኝ፣ ማን አበላሸው ብለው አይጠይቁም አለች።"

"የዚያ አገሯ ሴትዮ ናት እንዲህ ያለችሽ። የእኛዋ ሸራው ጋ ቆማለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፎ ያያል። የገባነው እኔና አንቺ፤ ከአንቺ በቀር ማን አለ ወረቀቱን የሚያበላሽ? ልጄ አታለለችኝ ብዬ ልጩህ? ሌላ ወረቀት እንኳን አንድ፣ ሁለት ይሰጡኝ ነበር። ሌላ ልጅ ግን ማን ይሰጠኛል?"

አለቀሰች። ከላይ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ጎተተ፣ ቆመ፣ ያዳመጣት ይመስል። አባቷ እስክትጨርስ ጠበቋት፣ በመሐል አንዴ ብቻ "በይ ተይ" አሉ።

"ማን አስፈራራሽ?" አሉ ቀጥሎ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይኸን ንገሪኝ። እነዚያ የቁልፉ ሰዎች መንገድ ላይ ያዙሽ? ሥራ እንከለክልሻለን አሉሽ? አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን ማን ምን አላት እያልኩ ስብሰለሰል ነው የኖርኩት።"

"ማንም አላስፈራራኝም አባባ።"

"እና?"

"ስምንተኛ ክፍል በሁለት ነጥብ ስለጣለኝ ነው።"

ስልኩ ላይ አንድ የታፈነ ነገር መጣ፣ ያለቅሳሉ ብላ ደነገጠች። ኧረ እየሳቁ ነው! "በሁለት ነጥብ!" አሉ፣ ሳላቸው አጣደፋቸው፣ እኅቷ ከጓዳ አባባ ምን ሆኑ ስትል ተሰማ። "እኔ እዚህ ሽጉጥ የደገኑብሽ መስሎኝ፣ እሷ በክፍል ውጤት! ጠመኔ ይህን ሳይሰማ ሞተ፣ አይ ጠመኔ!" ከዚያ ሳቁ አለቀ፣ አንድ ጊዜ ተነፈሱ። "ስሚ" አሉ። "ጥፋት ነው የሠራሽው። ይቅር ካልኩሽ ቆይቻለሁ፣ ግን ጥፋት ነው። የከበደኝ ለእሱ መዋሸቴ ነው፣ እየተቀባበልን እንበላ የነበርን ሰዎች፣ ይህችን የቆሸሸች ጣት አንስቼ ያንተ ናት አልኩት። ከዚያ ወዲያ ያ ሸራ ጋ መድረስ አስጠላኝ። ልጄ ካልያዘችኝ አልሄድም ያልኩት ደግሞ ወሬው ይደርሳትና ትናገራለች ብዬ ነው። አንቺ እቴ፣ ሁለት ምርጫ አሳለፍሽ፣ አንጀትሽ የድንጋይ ነው።"

"እሑድ ይሄዳሉ?"

"እሄዳለሁ። እኅትሽ ትይዘኛለች። ስንተኛ እንደሆነ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።"

"ከተሳሳተችስ?"

"ከተሳሳተችማ እጮሃለሁ፣ ሰፈሩን ነው የማስነሳው! ለአንድ ሰው አንዴ ዝም ብያለሁ፣ ይበቃኛል። አንቺስ እዚያ መረጥሽ?"

"አበላሸሁት። ስሜን ጻፍኩበት፣ ከነእርስዎ ከነአያቴ።"

"አይ ያንቺ ነገር፣ ደግሞ በእኔ ስም አበላሸሽ?" አሉ። "በይ ተነሺ፣ ሂጂና ቀይሪው።"

እሺ አለች። እሺ ብላ ጫማዋን ልትፈልግ ጎንበስ ስትል ራሷ ትራሱን ነካ፣ እንቅልፍም ስንት ዓመት ደጅ ቆሞ እንደተፈቀደለት ሰው ሰተት ብሎ ገባ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከመጣች ወዲህ ተኝታ አታውቅም። ሕልም የለ፣ መገላበጥ የለ፣ ወንበር የለ። ስትነቃ የብርሃኑ ክር ከወለሉ ጠፍቷል፣ ስልኳ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ይላል፣ ቀነሰች፣ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት። ምን ይዋጣት! የሥራ ልብሷን ለበሰች፣ አንዱን ካልሲ ትታ ወጣች፣ ከደረጃው ግርጌ ቦርሳዋን ረስታ ተመለሰች። አውቶቡሱ ዐይኗ እያየ ሄደ። ሮጠች። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት በነርስ ጫማ እንደ ልጅ ስትሮጥ መንገደኛው ዞር ዞር ይላል፣ ይበል።

ምርጫው የሕፃናት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሰዓቱን ያያል። ከፊት ስምንት ሰዎች ቆመዋል፣ እሷ ዘጠነኛ ሆና እንደቆመች ሰዓቱ ሞላ፣ ዘበኛው መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። "ከእርስዎ በኋላ ማንም አይገባም" አላት፣ ልቧ እስኪመለስ ድረስ የምትመለሺው አንቺ ነሽ ያላት መስሏት ነበር። ሰልፉ በዝግታ ይሄዳል። ውስጥ አንድ ሽማግሌ አስመራጭ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አንድ ሰው ወረቀቱን በጨመረ ቁጥር መዝገቡን አይተው የቤተሰቡን ስም ጮክ ብለው ይጠሩና ድምፅ ሰጥተዋል ይላሉ፣ አዳራሹ ያስተጋባል። እዚህ አገር እንዲህ ያደርጋሉ ማለት ነው፣ ማን እንደመረጠ ሁሉም ይሰማል፣ ማንን እንደመረጠ ማንም አያውቅም።

የተበላሸውን ወረቀት ለጸሐፊዋ ሰጠቻት። ጸሐፊዋ ያንን ሁሉ ቁም ጽሕፈት አየች፣ ምንም አላለችም፣ በቀይ አሰመረችበትና አዲስ ሰጠቻት። መጋረጃው ውስጥ ገባች። በክር የታሰረ እርሳስ አለ። ብቻዋን ነች፣ ከኋላዋ የሚጠብቅ የለም፣ እና ዐይኗን ጨፈነች። አውራ ጣቷን ወረቀቱ አናት አካባቢ አሳረፈችው፤ ጫፉ ጥፍሯን ነካት። ዝቅ አደረገችው፣ አሁን ጫፉ የለም። በደንብ ይታወቃል፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ዐይኗን ገለጠች፣ የአውቶቡሷን ሴትዮ ስም ፈልጋ ኤክስ አደረገች። እጇ ወደ ጎን ሊሄድ ቃጣው፣ ያዘችው። አጠፈችና ወጣች።

ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ሲወድቅ ቀስ ብሎ ተሰማ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው መዝገቡ ላይ ጎንበስ አሉ፣ የአባቷን ስም እንደምንም ፊደል በፊደል አነበቡት፣ መሐሉን ሰባበሩት፣ ቢሆንም ለባዶው አዳራሽ ጮክ ብለው ጠሩት፦ ድምፅ ሰጥተዋል! እዚያው ቆማ ቀረች። ዘበኛው በሩን ይዞ ይጠብቃል።

"የቀረ ነገር አለ?" አሉ ሽማግሌው።

"ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙልኝ" አለች። "ስሙን።"

ሽማግሌው አዩዋት፣ የተሳሳቱ መስሏቸው አፈሩ፣ እሷም ቀስ ብላ ስሙን እንዴት እንደሚባል ነገረቻቸው። እንደገና ጠሩት፣ አሁን ደኅና አድርገው፣ ከነክብሩ። አመሰገነቻቸውና የሥራ አውቶቡሷን ለመያዝ ወጣች።